አርባ፣ ከነአንክሮው

ኑ፣ ወንበር ሳቡ። ያለነው አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ነው፤ ሐይቆቹን ቁልቁል ከሚያሳዩት ጀበና ቤቶች በአንዱ በረንዳ ላይ። በግራችን አባያ ቀይ ደለሉን ተከናንቦ ተኝቷል፤ በቀኛችን ጫሞ ሰማዩን መስሏል፤ በመካከላቸው የእግዜር ድልድይ ተጋድሟል። ከሥራችን፣ ገደሉ ከሚያልቅበት፣ ያ ጥቁር ሊባል ትንሽ የቀረው ደን ታያችሁ? ለከተማዋ ስም ያወጡላት ምንጮች እዚያ ውስጥ ናቸው። የከተማዋ ቧንቧ የሚጠጣው ከነሱ ስለሆነ፣ አሁን የምትጠጡት ቡናም በነሱ ውሃ ነው የፈላው።

የማወራችሁ ግን ስለ ውሃው አይደለም። ስለ አርባው ነው።

አቦሉን የቀዳችልንን ልጅ፣ «እውነት አርባ ናቸው?» ብዬ ጠየቅኋት። «ኧረ ጋሼ፣ ማን ቆጥሯቸው! ብዙ ናቸው ለማለት እኮ ነው» ብላ ሳቀችብኝ። አልተሳሳተችም። አርባ በኛ ዘንድ ከቁጥርነቱ ይልቅ ሙላትነቱ ያይላል። ወንድ ልጅ ክርስትና የሚነሣው በአርባ ቀኑ ነው፤ የሞተ ሰው የሚታሰበው በአርባ ቀኑ ነው፤ ጾመ ጽጌን ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ብትቆጥሩት አርባ ቀን ይመጣል፤ የኖኅ ዝናም አርባ ቀንና አርባ ሌሊት ወርዷል፤ ዕድላችንን እንኳ የአርባ ቀን ዕድል ነው የምንለው። (ኦሮምኛ ተናጋሪ ወዳጅ ካላችሁ ግን ተጠንቀቁ፤ ለሱ አርባ ዝሆን ነው።)

እኔ ዛሬ እልኸኛ ልሁንና አርባን እንደ ስሙ ልውሰደው። አርባ ምንጭ አለ እንበል፤ አንድ አይጎድል፣ አንድ አይተርፍ። አንድ ሰው ከሁሉም ምንጭ አንድ አንድ ጉንጭ እየጠጣ ሊዞር ተነሣ። በስንት ዓይነት ቅደም ተከተል ሊዞር ይችላል?

ምንጩ ሁለት ቢሆን መንገዱ ሁለት ነው፤ ከዚህ ወደዚያ ወይም ከዚያ ወደዚህ። ሦስት ቢሆን ስድስት ነው። አራት ቢሆን 24። አንድ ምንጭ በተጨመረ ቁጥር የቀድሞውን በአዲሱ ቁጥር ታባዛላችሁ፤ ሌላ ሥራ የለውም። አሥር ምንጭ ላይ ስትደርሱ 3,628,800 ይሆናል። ሰውየው በቀን አንድ ዙር ቢጨርስ ከ9,900 ዓመት በላይ ያስፈልገዋል። በኛ ቆጠራ ዓለም ከተፈጠረ በ2018 ዓ.ም. 7,518 ዓመት ነው፤ አዳም ከገነት በወጣ ማግስት ጀምሮት ቢሆን ኖሮ ዛሬም ገና ሩብ ያህሉ ይቀረው ነበር። ይህ እንግዲህ ለአሥሩ ነው።

ለአርባው ቁጥሩ ይኸውላችሁ፦

815,915,283,247,897,734,345,611,269,596,115,894,272,000,000,000

48 አኃዝ ነው። ማንበብ አይጠበቅባችሁም፤ እኔም ሳነበው ትንፋሽ ያጥረኛል። የምድር ውሃ ሁሉ፣ ውቅያኖሱም በረዶውም ከነአባያና ጫሞው፣ ወደ 1.4 ቢሊዮን ኪዩቢክ ኪሎሜትር ይገመታል። ጠብታ በጠብታ ብትቆጥሩት፣ ሃያ ጠብታ አንድ ሚሊሊትር እያላችሁ፣ የምታገኙት ቁጥር 26 አኃዝ ብቻ ነው ያለው። የምድር ጠብታ ሁሉ የኛን ቁጥር ጥፍር አይነካም።

የሒሳብ ሰዎች ይህን ሁሉ በሦስት ምልክት ይገላገሉታል፤ 40! ብለው። ያቺን ጭረትና ነጥብ ለዚህ ሥራ ያመጣት ክራምፕ የሚባል የስትራስቡርግ ሰው ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1808። ፈረንጆቹ ፋክቶሪያል ይሉታል። እኛ ግን ያቺን ምልክት ትምህርት ቤት ሳለን ትእምርተ አንክሮ ብለን ስለተማርናት፣ እኔ አርባ ከነአንክሮው እለዋለሁ። የሚደንቅ ነገር ላይ የምናደርጋት ምልክት አይደለችም?

ከመጨረሻ ልጀምር፤ ከዜሮዎቹ። ለምን ዘጠኝ ሆኑ? አሥር የሚመጣላችሁ ሁለትና አምስት ሲገናኙ ነው። ሁለት በያለበት ሞልቷል፤ ጎዶሎው አምስት ነው። እስከ አርባ ድረስ የአምስት ብዜቶችን ብትለቅሙ 5፣ 10፣ 15፣ 20፣ 25፣ 30፣ 35 እና 40፣ ስምንት ናቸው። 25 ግን አምስትን ሁለት ጊዜ ስለያዘ አንድ ይጨምርላችኋል። ዘጠኝ አምስት፣ ዘጠኝ ዜሮ። ቁጥሩን በሙሉ ሳታባዙት ጭራውን አወቃችሁት ማለት ነው። ግእዝ ዜሮ የለውም፤ አርባን ራሱን ፵ ብሎ በአንድ ምልክት ይጨርሰዋል። ግን የኛን 48 አኃዝ በግእዝ ልማድ በእልፍ በእልፍ፣ ማለት አራት አራት አኃዝ እያደረጋችሁ ብትከፍሉት፣ ሳይተርፍ 12 ቤት ይሞላል።

ስለ አምስት ከተነሣ አይቀር፣ የዚህ አገር ቋንቋ የራሱ ምሥጢር አለው። በጋሞኛ ስድስት ኡሱፑን፣ ሰባት ላፑን፣ ስምንት ሆስፑን ነው፤ ዘጠኝም የነሱ ዘመድ ነው። የሁሉም ጫፍ አንድ ሲሆን ሰምታችሁ፣ ድሮ ድሮ አንድ እጅ ሲሞላ ቆጠራው በሌላው እጅ እንደ አዲስ ይጀመር ኖሯል ብትሉ የሚያሳፍር ግምት አይደለም።

አሁን ወደ ሽመናው እንውጣ፤ ዶርዜ ሩቅ አይደለም። ቁጥርም እንደ ጋቢ ነው፤ ሲተረተር ክሩ ይወጣል። ክር የምለው ብቸኛ ቁጥር የሚባለውን ነው፤ ከአንድና ከራሱ በቀር ማንም የማይከፍለውን፤ እንደ 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 11 ያለውን። 40!ን ስትተረትሩት ሁለት 38 ጊዜ ይወጣል፤ ሦስት 18 ጊዜ፤ አምስት 9 ጊዜ፤ ሰባት 5 ጊዜ፤ 11 እና 13 ሦስት ሦስት ጊዜ፤ 17 እና 19 ሁለት ሁለት ጊዜ፤ 23፣ 29፣ 31 እና 37 አንድ አንድ ጊዜ። ሌላ ክር የለበትም። ከነዚህ ክሮች እየመረጣችሁ ብትሸምኑ 102,435,840 ዓይነት ጨርቅ ይወጣችኋል፤ ይኸውም ቁጥሩን ያለ ቀሪ የሚከፍሉት ቁጥሮች ብዛት ነው።

ታዲያ ያን ሁሉ አኃዝ በትክክል ገልብጬው እንደሆን በምን አወቅሁ? እድሜ ለ1,001። 1,001 ማለት 7 በ11 በ13 ሲባዛ ነው። የቁጥሩን ሦስት ሦስት አኃዝ ያላቸውን ቤቶች ከቀኝ ጀምራችሁ አንዱን ወደ ግራ ሳጥን፣ ቀጣዩን ወደ ቀኝ ሳጥን እያላችሁ ደምሩ። አንደኛው ሳጥን 3,997 ይሆናል፤ ሁለተኛው 2,996። ልዩነታቸው? 1,001 ራሱ! ሰባትም፣ 11ም፣ 13ም በሰላም ቤታቸው አሉ። ይህን የሠራሁት በናፕኪን ላይ ነው፤ ሲወጣልኝ ጮክ ብዬ ስለሳቅሁ ጎረቤት ጠረጴዛ ያሉት ዞር ብለው አይተውኛል።

ቶናው መጣ። አመሰግናለሁ እናቴ።

እንዲህ በማካፈልና በቀሪ መጫወት የፈረንጅ ነገር ይመስላችኋል? እኔ የለመድኩት ከመሪጌታ ነው። ባሕረ ሐሳብ ሲያስቆጥሩን ትልቅ ቁጥር አያስፈራቸውም ነበር፤ ይገድፉት ነበር እንጂ። የምትፈልገው የተረፈውን ነው፤ ሌላው ገለባ ነው፤ እንዲህ ነበር አነጋገራቸው። ለምሳሌ 2018ን እንውሰድ። 5,500 ሲጨመርበት 7,518። በ19 ግደፉት፤ 13 ይተርፋል። አንዱን ለዘመኑ ተዉለት፤ ወንበሩ 12 ነው። 12ን በ11 አባዝታችሁ በ30 ግደፉ፤ 12 ተረፈ፣ አበቅቴ። 12ን በ19 አባዝታችሁ በ30 ግደፉ፤ 18 ተረፈ፣ መጥቅዕ። ሁለቱ ሲደመሩ 30። ልጅ ሳለሁ ይህ ተአምር ይመስለኝ ነበር፤ ሁለቱ ሁልጊዜ እንዴት ይጠባበቃሉ? መልሱ 11 እና 19 ራሳቸው ሲደመሩ 30 መሆናቸው ነው። ተአምርነቱ ግን አልቀነሰብኝም።

ቀጥሉ። መጥቅዑ መስከረም 18 እሑድ ዋለ፤ የእሑድ ተውሳክ 7 ነው፤ 25። እንግዲያው ነነዌ ጥር 25፣ ፋሲካ ሚያዝያ 4። የሰው ልጅ በሰባት ሺህ የሚቆጠር ዘመን ይዞ ገብቶ፣ በሦስት ትንንሽ ቀሪዎች የጾሙን በር ከፈተ።

የጾምና የሳምንት ቀን ነገር ካነሣን፣ አንድ ፈረንሳዊ የሰው ልጅ ጥናት ሊቅ፣ ዳን ስፐርበር፣ ዶርዜ ውስጥ ተቀምጦ የጻፈው ጨዋታ አለ። ዶርዜዎች ነብር ክርስቲያን እንስሳ ነው፣ ረቡዕና ዓርብ ይጾማል አሉት። ከብቶቻቸውን የሚጠብቁት ግን ረቡዕንም ዓርብንም ጨምረው ነበር። ነብሩ ሰባትን ገድፎ ቀኑን ማወቁን ቢያምኑም፣ ሒሳቡ ላይ ሙሉ እምነት አልጣሉበትም ማለት ነው።

ባሕረ ሐሳብ ታላቁን ዙር ዐቢይ ቀመር ይለዋል፤ 532 ዓመት። ከየት መጣ? የሳምንቱ 7፣ የወንጌላውያኑ 4፣ የጨረቃዋ 19። ሦስቱ ምንም የጋራ ክር የላቸውም፤ ስለዚህ አንድ ላይ ወደ መነሻቸው የሚመለሱት ሲባዙ ብቻ ነው፤ 7 በ4 በ19፣ 532። ከዚህ በኋላ ዕለቱም፣ ወንጌላዊውም፣ ፋሲካውም አንድ ሳይዛነፍ ይደገማል። አሁን የአርባውን ክር አስታውሱ። ሁለት 38 ጊዜ አለ፣ ሰባት አለ፣ 19 አለ። ስለዚህ 532 አርባ ከነአንክሮውን ያለ ቀሪ ይከፍለዋል። ከ2018 በኋላ ያን የ48 አኃዝ ዓመት ያህል ቆጥራችሁ ብትደርሱ፣ መስከረም 1 ሐሙስ ይብታል፤ ዘመኑ ማርቆስ ነው፤ ፋሲካ ሚያዝያ 4 ነው። በጉን ከወዲሁ ብትገዙ ይረክስላችኋል።

እስካሁን ያወራነው ከ1 እስከ 40 ስላሉት ነው። እነሱ ቤተ ዘመድ ናቸው፤ ሁሉም 40!ን ያለ ቀሪ ይከፍሉታል። ነገሩ የሚጥመው ጎረቤቱ ዘንድ ስንሄድ ነው። 41 ብቸኛ ቁጥር ነው፤ ከቤተ ዘመዱ አንድም ክር አልሰጠም። ታዲያ 40!ን በ41 ብናካፍለው ምን ይተርፋል ትላላችሁ? ከ0 ውጪ ማንኛውም ቁጥር ሊተርፍ የሚችል ይመስላል። የሚተርፈው ግን 40 ነው። አንድ ብቻ ብትጨምሩለት 41 ሳይተርፈው ይከፍለዋል ማለት ነው።

ይህን ያለ ወረቀት ማየት ይቻላል፤ ሲኒዎቹን ተጠቀሙ። ከ1 እስከ 40 ያሉትን ቁጥሮች ሠርግ ቤት አስገቧቸው። ደንቡ አንድ ነው፦ ሁለት ቁጥሮች የሚጋቡት ብዜታቸው በ41 ሲገደፍ 1 ከተረፈ ነው። 6 እና 7፣ 42፤ አንድ ተረፈ፣ ተጋቡ። 3 እና 14 ተጋቡ። 2 እና 21 ተጋቡ። 5 ከ33 ጋር፣ 165፤ አራት ጊዜ 41 ሲወጣለት አንድ ይተርፋል፣ ተጋቡ። 13 ከ19፣ 16 ከ18፣ 34 ከ35። ማንም ሁለት አያገባም፤ ማንም ሳያገባ አይቀርም፤ ከሁለቱ በቀር። 1 ከራሱ ጋር ነው የሚስማማው። 40ም እንዲሁ፤ 40 በ40 1,600 ሆኖ በ41 ሲገደፍ አንድ ይተርፋል። እነሱ ሁለቱ ሲወጡ 38 ሰው ይቀራል፤ 19 ጥንድ። (19ን እዚህም አገኘኋት፤ አበቅቴዋ ትከተለኛለች።) እያንዳንዱ ጥንድ አንድ ነው፤ አንድ በአንድ ሲባዛ አንድ። ከሁሉም ብዜት የሚቀረው የብቸኛው የ40 ድርሻ ነው። አለቀ፤ 48 አኃዙን ሳንነካው።

በ42 ቢሞከር ይህ ሠርግ ይበተናል። 6 ሚስት አያገኝም፤ በምንም ብታባዙት በ6 የሚከፈል ነው፣ 42ም በ6 ይከፈላል፣ ስለዚህ አንድ ሊተርፍ አይችልም። ሠርጉ የሚሰምረው ብቸኛ ቁጥር ሲደግሰው ብቻ ነው።

ይህን ነገር ዓለም የሚያውቀው በዊልሰን ስም ነው። ዌሪንግ የሚባል የካምብሪጅ መምህር እ.ኤ.አ. በ1770 ባሳተመው መጽሐፍ ተማሪዬ ጆን ዊልሰን አገኘው ብሎ ጻፈለት፤ ሁለቱም ማረጋገጫ አልነበራቸውም፤ በዓመቱ ላግራንዥ አረጋገጠው። ዊልሰን ሒሳቡን ትቶ ሕግ ተምሮ ዳኛ ሆነ። ስሙ ግን የቀረው በፍርዱ አይደለም።

ከሱ ወደ ስምንት መቶ ዓመት ገደማ ቀድሞ ይህን ያወቀ ሰው ነበር፤ የባስራው ኢብን አል-ሃይሠም። እዚህ ላይ ከጎናችን ያለው ወጣት ጆሮውን ቀሰረ፤ የውሃ ምህንድስና ተማሪ ነው። የዚህ ከተማ ዩኒቨርሲቲ እኮ በ1979 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ነበር፤ ዩኒቨርሲቲ የሆነው በ1996 ነው። «ጋሼ፣ የብርሃኑ ሰው አይደለም እንዴ?» አለኝ። የብርሃኑም ነው፣ የውሃውም ነው። የአባይን ሙላትና ጉድለት አደብ አስገዛለሁ ብሎ ስለተናገረ የግብፁ ገዥ አል-ሐኪም አስጠርቶት ወደ አስዋን ላከው ይባላል። ሄዶ ወንዙን ሲያየው የሚሆን አልሆነለትም። ከገዥው ቁጣ ለመዳን ያበደ መስሎ ቤቱ ተዘጋ፤ ገዥው እ.ኤ.አ. በ1021 እስኪሞት። ከኛ የሚወርደውን ውሃ ማሰር አቅቶት በቁጥር የተጽናና የመጀመሪያው መሐንዲስ እሱ ሳይሆን አይቀርም።

የኢብን አል-ሃይሠም ጥያቄ እንዲህ ነበር፤ በአርባ ምንጭ ሙዝ ላድርገውና፦ ሙዙን ሁለት ሁለት ስትደረድሩት አንድ ይተርፋል። ሦስት ሦስት ስታደርጉት አንድ። አራት አራት፣ አምስት አምስት፣ ስድስት ስድስት፣ ሁልጊዜ አንድ። ሰባት ሰባት ስታደርጉት ምንም አይተርፍም። ስንት ሙዝ ነው? የሱ መልስ ከ1 እስከ 6 አባዝታችሁ አንድ ጨምሩ፤ 721። 7 በ103። ከዚህ ያነሰም መልስ አለ፤ በረካው እስኪመጣ ፈልጉት። (ለቸኮለ፦ 301።) ሰባትን በ41 ተኩትና ስድስትን በአርባ፤ ያንኑ የኛን ሠርግ ነው ያየው።

የ41ን ጉድ ካነሣን አንድ ሳልነግራችሁ አልነሣም። ከ41 ተነሡ። 2 ጨምሩ፤ 43። 4 ጨምሩ፤ 47። 6 ጨምሩ፤ 53። 8 ጨምሩ፤ 61። እንዲህ እያላችሁ 71፣ 83፣ 97፣ 113፣ 131። ሁሉም ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው። ቀጥሉ፤ አይሰለቻችሁ። ጭማሪው 78 እስኪደርስ፣ 1,601 እስክትደርሱ፣ አንድም አያሳፍራችሁም። ስንት ሆኑ? ቁጠሯቸው። አርባ።

አርባ ምንጭ! አንድ አይጎድል አንድ አይተርፍ። በልጅቷ ፊት የጠፋኝ አርባ እዚህ ተቆጥሮ ተገኘልኝ። 80 ጨምራችሁ ወደ አርባ አንደኛው ስትሻገሩ 1,681 ይመጣል፤ እሱ ደግሞ 41 በ41 ነው፤ ደረቀ። 

ይህን ለዓለም ያሳየው ኦይለር ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1772፤ ያኔ ዓይኑ ሊጠፋ ምንም ያህል አልቀረውም፣ ስሌቱን በጭንቅላቱ ነበር የሚሠራው። የሩሲያው የፒተርስበርግ አካዳሚ ሰው ነበር። ወደ ከተማዋ የገባው በ1727 ነው፤ በዚያው ዓመት ደግሞ አብርሃም ሐኒባል፣ ብዙዎቻችን የኛ ልጅ የምንለው የፑሽኪን ቅድመ አያት፣ ወደ ሳይቤሪያ ተላከ። ሐኒባል ፈረንሳይ ምህንድስና ተምሮ ስለ ጂኦሜትሪና ምሽግ አሠራር መጽሐፍ ጽፎ ነበር። አንዱ በአንድ በር ሲገባ ሌላው በሌላው በር ወጣ። ሁለቱ አንድ ገበታ ላይ ቢቀመጡ ኖሮ እያልኩ የማልተኛባቸው ሌሊቶች አሉ፤ ሚስቴ ታውቃለች።

እንዲህ ያለ ጸባይ ያላቸው መነሻዎች 2፣ 3፣ 5፣ 11፣ 17 እና 41 ናቸው። 11ን ሞክሩት፤ አሥር ብቸኞች ሰጥቶ 121 ላይ፣ 11 በ11 ላይ ይደርቃል። ከ41 በላይስ? የለም። እንዳልተገኘ ሳይሆን እንደሌለ ተረጋግጧል። ያረጋገጠው ኩርት ሄግነር የሚባል፣ በበርሊን ብቻውን የሚሠራ ጀርመናዊ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1952 አሳተመው፤ ሊቃውንቱ ጉድለት አለበት ብለው አለፉት። በ1965 ሞተ። ከሁለት ዓመት በኋላ ስታርክ የሚባል አሜሪካዊ በራሱ መንገድ አረጋገጠና የሄግነርንም ተመልሶ ሲያየው በመሠረቱ ልክ ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ በዚህ ቆጠራ ከአርባ በላይ ምንጭ ያለው ከተማ ሊኖር አይችልም። ይህን የሰማ የከተማው አስተዳደር በር ላይ ቢለጥፈው አልቃወምም።

በረካው ደረሰ። አርባ እርጥብ አየን፤ አርባ ደረቅ ላሳያችሁ። 40! ላይ 2 ጨምሩ፤ ሁለቱም በ2 ስለሚከፈሉ ድምራቸውም በ2 ይከፈላል። 3 ብትጨምሩ በ3። 17 ብትጨምሩ በ17። እስከ 40 ድረስ አንድም አያመልጥም፤ ብቸኛ ቁጥር የሚባል አይገኝባቸውም። ከ2 እስከ 40፣ 39 ደረቅ ቁጥር በተርታ። አንዱ ጎደለ ትላላችሁ፤ 1 ስትጨምሩ ምን ይሆናል? እሱን በሠርጉ ፈጽመነዋል፤ 41 ይከፍለዋል። አርባ ሆነ። ጎረቤት ባይኖር 39 ላይ ይቀር ነበር።

ቀጣዩ 40! ሲደመር 41 ነው። ከበረሃው ማዶ የመጀመሪያው ዛፍ። ውሃ ይኖረው ይሆን? እስከ 40 ያለ አንድም ክር አይከፍለውም፤ 41ም አይከፍለውም፣ 40 ይተርፈዋል። «43ስ?» አለ ተማሪው፤ ወንበሩን ወደኛ ጠረጴዛ ካመጣው ቆየ። 43ም ብቸኛ ስለሆነ ሠርግ ይደግሳል፤ እስከ 42 ያለው ሲባዛ በ43 ተገድፎ 42 ይተርፋል። 41 በ42 ራሱ በ43 ሲገደፍ 2 ነው። እንግዲያው 40! ሁለት ጊዜ ሲሆን 42 ከተረፈ፣ አንድ ጊዜ ሲሆን 21 ይተርፋል። 41 ጨምሩበት፤ 62። በ43 ስንገድፈው 19 ተረፈ። አበቅቴዋ ናት።

47ን ልጁ ሠራው። እሱም 19 ተረፈው። ሁለታችንም ናፕኪኑን ገልብጠን አየነው፤ ስህተት የለበትም።

53 ላይ 14 ተረፈ። 59 ልንል ስንል ልጅቷ መጥታ ጀበናውን ዘቅዝቃ አሳየችን፤ አተላው ብቻ ነበር። «ልጨምር ወይስ ሒሳብ ላምጣ?» አለች። ልጁ ወደ እኔ አየ። ሌላ ጀበና አዘዝን።